የአባዬ ድምፅ ባለቤት

መስከረም 9

ወንድሜ ጆሮ፣

እንደምን ሰነበትክ? «እኛ ደህና ነን» ብዬ ልቀጥል ብል ብዕሩ እምቢ አለኝ። አለን ግን።

ስልክሽ ለምን አይነሳም ብለህ ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊዋ መልእክት መተውህን ነግራኛለች። ስልኬ የማይነሳው ስለተዘጋ ነው። ኢንተርኔቱም ተዘግቷል። በአዲሱ ደንብ አንድ ሰው በሌባነት ሲመዘገብ በስሙ ያለው መስመር ሁሉ አብሮ ይዘጋል አሉኝ። አዎ፣ በሌባነት። እህትህ በዚህ ዕድሜዋ ሌባ ሆናለች፣ እንኳን ደስ አለህ።

የሰረቅኩት አባዬን ነው፣ ነፍሱን ይማረው። እማዬ ነገር እየጠፋት፣ ሰው እየጠፋት ስትሄድ የሚያረጋጋት የሱ ድምፅ ብቻ እንደሆነ ታውቃለህ። ማንበብ ስለማትችል በደብዳቤ ፋንታ ከመንገድ ላይ በካሴት እየቀዳ ይልክላት የነበረውን ማለቴ ነው፤ አንተ ወስደህ፣ አጽድተህ፣ በፍላሽ የመለስክልኝን። ለጥርስ ሐኪሞቹ የታካሚ ቀጠሮ የመያዝ ሥራዬን የምሠራው ከቤት ሆኜ ቢሆንም መውጣቴ አይቀርም። ስወጣ ልብስ ሰፊዋ መጥታ አጠገቧ ትቀመጣለች። ከራሷ ስልክ እንድታሰማት ብዬ አንድ የድምፅ ማጋሪያ ድረ ገጽ ላይ ጫንኩት። መጀመሪያ የይለፍ ቃል አበጅቼለት ነበር፤ ልብስ ሰፊዋ እየረሳችው፣ እማዬ እየጮኸች፣ እኔ መንገድ ላይ ቆሜ በስልክ ፊደል ስቆጥር ሰለቸኝና ክፍቱን ተውኩት። የሹፌር ወሬ ማን ይሰማል ብዬ ነው።

ከዚያ ማስጠንቀቂያ መጣ። «የሌላ ወገን ንብረት የሆነ የድምፅ ሥራ ያለፈቃድ አሰራጭተዋል» ይላል። አጭበርባሪዎች መስለውኝ ሰረዝኩት። ሁለተኛም መጣ፣ እሱንም ሰረዝኩ። ሦስተኛው በእግሩ መጣ፤ ወረቀት ላይ ታትሞ፣ ሁለት ሰዎችና አንድ ፖሊስ ሆኖ። ኮምፒዩተሬን፣ ስልኬን፣ ፍላሹን ሳይቀር በላስቲክ አሽገው ወሰዱ። ድረ ገጹም ገጼን አጠፋው። ዕቃዬን ሲመልሱልኝ ሁሉም ባዶ ነው። አባዬ የለም።

አንተ ደግሞ እንዲህ ያሉ ሰዎች ጋ ነው የምትሠራው። የፊልምና የዘፈን ሌባ እናድናለን ስትለኝ አፌን ሞልቼ ለሰው ሁሉ አወራ ነበር። እስቲ ባልደረቦችህን ጠይቅልኝ፤ የአባዬ ድምፅ የማን ንብረት ነው? እማዬ በየቀኑ «ዛሬም አልላከም?» ትለኛለች። ሌላ ምንም አልፈልግም፣ እሱን ይመልሱልኝ።

የምትወድህ እህትህ

*

መስከረም 20

እትዬ፣

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ቢሮ ነው። ተነስቼ መጸዳጃ ቤት ገብቼ፣ በሩን ቆልፌ አነበብኩት። ቶሎ ባለመጻፌ ይቅርታ አድርጊልኝ። አንድ ነገር ይዤ ልምጣ ብዬ ነው የዘገየሁት፤ ባዶ እጄን ነው የመጣሁት፣ ለሱም ይቅርታ።

የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ። ማስጠንቀቂያውን የጻፈው ሰው አይደለም፣ ማሽን ነው። እኛ ጋ የባለመብቶቹ ዘፈንና ፊልም የሚቀመጥበት ትልቅ ቋት አለ። ማሽኑ ኢንተርኔት ላይ የሚሰማውን ሁሉ ቋቱ ውስጥ ካለው ጋር ያመሳክራል። አንድ ሆኖ ካገኘው ማስጠንቀቂያ ይልካል። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ኢንተርኔት አቅራቢው የደንበኛውን ስም እንዲሰጥ ይገደዳል። ማሽኑ አንዳንዴ ይሳሳታል። አንዴ የወፍ ጩኸት ዘፈን ነው ብሎ የአንድን ገበሬ መስመር ሊያዘጋ ነበር፤ ቢሮው ሁሉ ሲስቅ ዋለ፣ እኔም ጭምር። አሁን ግን አልሳቅኩም።

ማስጠንቀቂያው ላይ ከላይ በቀኝ በኩል ረጅም ቁጥር አለ፤ እሱን ላኪልኝ። እንደኔ ግምት አባዬ ሲቀዳ ጋቢናው ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቶ ይሆናል። ሬዲዮ ሳይከፍት መች ይነዳ ነበር? ከጀርባው አንድ ዘፈን ገብቶ ነው ማሽኑ የጮኸው። እሱ ነው። እሱ መሆን አለበት።

«ጆሮ» ስላልሺኝ ደስ አለኝ፤ እዚህ በዚያ ስም የሚጠራኝ የለም። የተሳቢውን ድምፅ ገና ከመታጠፊያው ማዶ እየሰማሁ «አባዬ መጣ!» ስል፣ እማዬ እየሮጠች በሩን ስትከፍት ትዝ አለኝ። የምተዳደረው አሁንም በዚያው ጆሮ ነው፤ እንዲሰማ የማስተምረው ማሽኑን ሆነ እንጂ።

ስለ እማዬ ብቻ ነው የምትጽፊልኝ። አንቺስ እንዴት ነሽ?

ወንድምሽ

*

ጥቅምት 2

ወንድሜ፣

ቁጥሩን ከደብዳቤው ግርጌ ጽፌልሃለሁ። ሬዲዮው ግን አይደለም፤ በከንቱ አትድከም። የተያዘው አንድ ካሴት ቢሆን ባመንኩህ። የተያዘው ሁሉም ነው፣ እሱ ሬዲዮውን ዘግቶ በሹክሹክታ የሚያወራበት ጭምር።

ደግሞ ቁጥሩን ስገለብጥ ያላየሁትን አየሁ። ከቁጥሩ ሥር «የሥራው ርዕስ» የሚል ቦታ አለ። እዚያ ላይ «መፈተኛ፣ ሹፌር» ይላል። «ባለቤት» የሚለው ላይ ደግሞ ያንተ ድርጅት ስም። ወንድሜ፣ እኔ ድረ ገጹ ላይ ስጭነው ርዕሱን «የእማዬ» ነበር ያልኩት። ሹፌር የሚል ቃል አልጻፍኩም። አባዬን አይቶት የማያውቅ ማሽን ሹፌር መሆኑን ማን ነገረው?

እማዬ እንዴት ናት ብትለኝ፣ አልላከም ብላ ትቆጣለች፣ ከዚያ ታለቅሳለች፣ ከዚያ ለምን እንዳለቀሰች ትረሳለች፣ ለቅሶው ግን አይቆምም። አንተ የማታውቀውን ልንገርህ። የምትወደው ወሬውን አልነበረም፤ ወሬው ላይ እንቅልፍ ይወስዳታል። የምትወደው ጭራውን ነው። አባዬ ተናግሮ ሲጨርስ ቴፑን መዝጋት ይረሳ አልነበረም? ካሴቱ እስኪያልቅ ያለው ሁሉ ይቀዳል። በር ሲከፍት፣ ረዳቱን ሲጣራ፣ ከመጋዘን ጠባቂው ጋር ስለ ጭነቱ ሲጨቃጨቅ። መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ «እሺ፣ እፈርማለሁ» ይላል። ይሄኔ እማዬ ብድግ ብላ «ፈረመ፣ አሁን ይነሳል» ትልና የበሩን መቀርቀሪያ ከፍታ ትመለሳለች። ጭነቱን ተረክቦ ከፈረመ ወደ ቤት መነሳቱ ነዋ። ያን ጊዜም እንዲህ ታደርግ ነበር፣ አሁንም። የኔን ስም ረስታለች፣ ይኼን አልረሳችም።

መስመሩ ስለተዘጋ ቀጠሮ ከቤት መያዝ አልቻልኩም። ሐኪሞቹ ክሊኒኩ ድረስ መጥተሽ ተቀመጪ አሉኝና እየሄድኩ ነው። ልብስ ሰፊዋ ጠዋት ጠዋት ትይዝልኛለች። ከሰዓት በኋላ ያለውን አንድዬ ያውቃል።

ስለ እኔ ጠየቅከኝ። ደህና ነኝ። የምነግርህ ነገር የለኝም።

አንተ ግን የምትነግረኝ ያለህ ይመስለኛል። ካሴቶቹን ከዚህ ቤት ያወጣቸው ሰው አንድ ነው። ዳር ዳር ሳትል ጻፍልኝ።

እህትህ

*

ጥቅምት 17

እትዬ፣

እኔ ነኝ። ይቅርታ። ከዚህ ሌላ በምን እንደምጀምር አላውቅም።

ካሴቶቹን ቢሮ የወሰድኳቸው በቅን ልብ ነው፤ ጥሩ ማጫወቻ ያለው እዚያ ስለሆነ። ያን ጊዜ ማሽኑን እየፈተሽነው ነበር። ሌባውን መያዙ ብቻ አይበቃም፣ ሌባ ያልሆነውን አለመንካቱም መታየት አለበት። ለዚህ ደግሞ በዓለም ላይ የትም የሌለ ድምፅ ያስፈልጋል። ቋቱ ውስጥ ይገባል፤ ማሽኑ ኢንተርኔት ላይ አገኘሁት ካለ መዋሸቱ ይታወቃል። ሁላችንም አንድ አንድ ይዘን እንድንመጣ ተባለ። አንዱ የልጁን ማንኮራፋት ይዞ መጣ። እኔ አባዬን ይዤ ሄድኩ። ከኛ ቤት ሌላ የትም የለም ብዬ ነው። አንቺ ትጭኚዋለሽ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም።

ማሽኑ ፈተናውን አለፈ፣ አጨበጨቡልኝ። ሌሎቹ የየራሳቸውን አወጡ። እኔ ነገ አወጣዋለሁ እያልኩ ረሳሁት። ኋላ አዲስ አሠራር መጣና ቋቱ ውስጥ ባለቤት ያልተጻፈለት ሁሉ በድርጅቱ ስም በጅምላ ተመዘገበ። አባዬ የድርጅቱ ንብረት የሆነው በዚህ መንገድ ነው። ዋናዎቹን ካሴቶች ሻጋታ በልቷቸው ስለነበር ቢሮ ስንቀይር ጣልኳቸው። ከቢሮ ድምፅ ቀድቶ መውጣት ክልክል ስለሆነ፣ ላንቺ አስፈቅጄ ከላክሁት በስተቀር ለራሴ እንኳ አላስቀረሁም።

ግን አይዞሽ፣ ቋቱ ውስጥ አለ። ገብቼ አየሁት፣ እንዳለ ነው። ለአለቃዬ ስህተቱን በጽሑፍ አሳውቃለሁ። ስህተቱ ሲታረም አባዬም ይመለሳል፣ መስመርሽም ይከፈታል። ትንሽ ቀን ብቻ ታገሺኝ።

ተዳፋቱ ላይ ስላለው የአረጋውያን ቤት ደግሞ አትጨነቂ። እማዬን እዚያ ብትወስጃትም እኔ አልፈርድብሽም፤ ሰው ነሽ፣ ትደክሚያለሽ። መጸዳጃቸው ንጹሕ አይደለም ብሎ የጻፈውን ሰውዬም አትስሚው፤ ሰው ሲናደድ ያልሆነውን ይጽፋል።

ወንድምሽ

*

ጥቅምት 29

አንተ፣

ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። የካሴቱን ነገር ሳነብ አንጀቴ አረረ፣ ግን ሰው ይሳሳታል ብዬ ዋጥኩት። የመጨረሻውን አንቀጽ ግን መዋጥ አቃተኝ።

ስለ ተዳፋቱ ቤት ለማን ነው የነገርኩት? ለልብስ ሰፊዋ አልነገርኩም። ለሐኪሞቹ አልነገርኩም። ላንተ «የምነግርህ ነገር የለኝም» ነው ያልኩህ። ለራሴ እንኳ ጮክ ብዬ አልተናገርኩትም። የጠየቅኩት ኮምፒዩተሬን ብቻ ነው፣ መኝታ ቤቴን ዘግቼ። ስለ መጸዳጃው የተጻፈውን አንብቤ፣ አፍሬ፣ ዘጋሁት። አንተ ሰውየው የጻፈውን ከየት አመጣኸው?

ሌላስ ምን አነበብክ? «እናትን መጥላት ኃጢአት ነው ወይ» ብዬ የጠየቅኩበትን ቀንም አየኸው? ያን ቀን ሌባ ነሽ ብላ ፊቴን ቧጭራኝ ነበር። ደሜን ጠርጌ ነው የጻፍኩት። እሱስ እናንተ ቋት ውስጥ ገባ? እሱስ ባለቤቱ ማነው?

ልጅ ሆነህ በር ላይ ተለጥፈህ የትልቅ ሰው ወሬ ስትሰማ አባዬ ጆሮህን ይቆነጥጥህ ነበር። አሁን ማን ይቆንጥጥህ?

መስመሩ ቢከፈትም ላንተ በሱ አልጽፍልህም። ወረቀት ሰው ሲከፍተው ቢያንስ ቅዳጁ ይታያል።

*

ኅዳር 10

እትዬ፣

ስሜን ባትጽፊም የጻፍሽው ለኔ እንደሆነ ገብቶኛል።

ልመልስልሽ፣ ብትጠይኝም። አቅራቢው የደንበኛውን ስም ብቻ ስጥ ሲባል ስሙን ብቻ አይሰጥም። መምረጥ ሥራ ስለሚሆንበት የዓመቱን ሁሉ በአንድ ፋይል ይልከዋል፤ የተጎበኘውን ገጽ፣ የተጠየቀውን ጥያቄ፣ ሰዓቱን ሁሉ። እኔ የከፈትኩት የላክሽልኝን ቁጥር ከፋይሉ ጋር ላገናኝ ነው። ስምሽን አየሁ። መዝጋት ነበረብኝ። ዓይኔ አልታዘዝ አለኝ። ስለራስሽ አልነግርህም ስላልሽኝ እንዴት እንደሆንሽ ከዚያ ላይ ፈለግኩ። የቧጨረችሽንም ቀን አይቻለሁ። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሊከፍተው ይችላል፤ የሌላውን ሰው ፋይል እኔም ስከፍት ኖሬያለሁ። ስለማላውቃቸው ነው መሰለኝ፣ አንድም ቀን ነውር አልመሰለኝም።

አሁን ከዚህ የባሰውን ልጽፍልሽ ነው። ተቀመጪ።

ስህተቱን በጽሑፍ አሳወቅኩ። ቁጥሩን፣ ርዕሱን፣ የአባቴ የግል ድምፅ መሆኑን፣ ለቤተሰቡ እንዲመለስ። በማግሥቱ አጭር መልስ መጣ፤ «ስህተቱ ታርሟል፣ እናመሰግናለን» ይላል። ደስ ብሎኝ ልቀዳው ገባሁ። ቦታው ባዶ ነው። ለካ እነሱ ጋ ማረም ማለት መሰረዝ ነው። ወደ መጠባበቂያው ሮጥኩ፤ ከዋናው የተሰረዘ ከመጠባበቂያውም ወዲያው እንዲሰረዝ ተደርጓል፣ ማንም መልሶ እንዳያወጣው። ያን አሠራር የዘረጋሁት እኔ ነኝ። በጊዜው ለጥንቃቄ ብዬ ነው።

አባዬ የትም የለም። እኔ ባልጽፍ ኖሮ እዚያው ነበር።

ስምሽ ግን ገና መዝገቡ ላይ ነው፤ ድምፁ ስለጠፋ ያንቺ መሆኑን የሚያሳይም ነገር የለም። አቤቱታ አስገቢ፣ በችሎት ይታይልሻል። ምስክርሽ እኔ ነኝ። ይቅርታ እትዬ። ይቅርታ።

*

ኅዳር 21

ወንድሜ፣

አላለቀስኩም። እማዬ «ዛሬም አልላከም?» አለችኝ፣ «መንገድ ተበላሽቶበት ነው» አልኳት።

ይቅርታህን አንድ ደብዳቤ ላይ ስንት ጊዜ እንደምትጽፈው ታውቃለህ? ልቤ እስኪደነዝዝ አነበብኩት። ይቅርታህ ይቆየኝ፣ ሁለት ነገር አድርግልኝ።

አንደኛ፣ ድምፅህ የአባዬ ነው። ስልክ ስታነሳ የሱ ጓደኞች «አንተ ሹፌር!» እያሉ ይሳሳቱ ነበር። እዚህ ያለው የእማዬ ቴፕ አሁንም ይሠራል፣ ቁልፉን ራሷ መጫን ትችላለች። የመጀመሪያውን ካሴት ወሬ እስከማስታውሰው ጽፌ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ መቅጃና ካሴት ፈልግና በሱ ቅዳልኝ። አታንብበው፣ አውራው። ማታለል ነው፣ አውቃለሁ። ኃጢአቱን ለሁለት እንካፈለዋለን።

ሁለተኛ፣ አቤቱታዬን አስገብቻለሁ፤ ቀጠሮው ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ነው። ጸሐፊዋ የድርጅቱ ሰው ካልመሰከረልሽ አትድከሚ ብላኛለች። መስመሬ ካልተከፈተ ከቤት መሥራት አልችልም። ከቤት ካልሠራሁ እማዬን ከሰዓት በኋላ የሚይዝልኝ ስለሌለ የምወስዳት እዚያው አንተ የምታውቀው ቦታ ነው። እኔ ልወስዳት አልፈልግም። የጠላኋት ያን አንድ ቀን ብቻ ነው። ፋይልህ ላይ ያላገኘኸው ይኼን ነው።

እህትህ

*

ታኅሣሥ 5

እትዬ፣

እንደምን አለሽ? እማዬስ? ደብዳቤሽ ውስጥ «ወንድሜ» የሚለውን ሳይ ትንሽ ተነፈስኩ።

ካሴቱን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። መቅጃው የተገኘው ከአንድ የሬዲዮ ጠጋኝ ነው፤ ሊሸጥልኝ ስላልፈለገ ተውሼው ነው። ቢሮ ውስጥ አይሆንም ብዬ ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ መስኮቱን ዘግቼ ቀዳሁት። ቀድቼ እንደጨረስኩ ነው ይህን የምጽፍልሽ። «እኔም ደህና፣ መኪናዋም ደህና» የሚለው ጋ ስደርስ ድምፄ እንደ መሰበር አለ፤ ይቅር በይኝ፣ እማዬ ጉንፋን ይመስላታል።

የጠየቅሽኝ ሌላው ነገር። አለቃዬ ጠርቶኝ አንድ ወረቀት አቀረበልኝ። «ቋቱ ውስጥ ባለቤት የሌለው ድምፅ ገብቶ አያውቅም» የሚል ነው፤ ከሥር የኔ ስም። አንድ እንዲህ ያለ ነገር ነበር ከተባለ ድርጅቱ እስከዛሬ የረታበት ክስ ሁሉ እንደገና ሊከፈት ነው። የራሱን ልጆች ጠቀሰልኝ፣ ልጆቼን ጠቀሰልኝ። አልፈርምም ብዬ ነው የወጣሁት። ሥራዬንም ቢያሳጡኝ ያሳጡኝ። አባዬ ላይ ሁለት ጊዜ አላጠፋም።

ችሎቱ ላይ ስሜን ሲጠሩ እዚያ ቆሜ ታገኚኛለሽ። ልብሽን ጣይው።

የሚወድሽ ወንድምሽ ጆሮ

*

ጥር 3

ለወንድሜ፣

የችሎቱ ነገር እንዴት ሆነ ብለህ ለልብስ ሰፊዋ ደውለህላታል። ለምን ትጠይቃለህ? ወረቀትህ ከኔ ቀድሞ ደርሶ ነበር። ዳኛዋ ፊርማህን አሳዩኝ፤ ያቺ መጨረሻዋ ላይ ወደላይ የምትሰቀለው፣ ከአባዬ የቀዳሃት። «የገዛ ወንድምሽ ነው እኮ» አሉኝ። አውቃለሁ አልኳቸው። ብዙም አልቆየንም።

እኔ ግን ሳልሄድም አውቄ ነበር። ካሴትህ የደረሰን ከችሎቱ በፊት ነው። ለእማዬ «ላከ!» አልኳት። ፀጉሯን አበጠርኩላት፣ ወንበሯን ወደ ቴፑ አስጠጋሁላት። ጀመርክ። «እኔም ደህና፣ መኪናዋም ደህና» አልክ። ትንሽ አዳመጠችህና ፊቷን አዞረች። «ይኼ ሰውዬ ከወረቀት ላይ ነው የሚያነበው» አለች። «አባትሽ መች ያነባል? አጥፊው።» አንተ ግን እስከ መጨረሻው አነበብክላት። እኔም አላጠፋሁትም፣ ደክመህበታል ብዬ።

ስትጨርስ ቴፑን መዝጋት ረሳህ።

ወንበር ሲንቋቋ ይሰማል። ከዚያ ስልክ ይጠራል። «አቤት» ትላለህ። «አዎ፣ አይቼዋለሁ… አዎ፣ ልጆቹን አስቤ ነው… የለም፣ እሷ ችግር አትፈጥርም፣ እህቴን እኔ አሳምናታለሁ።» ከዚያ ትተነፍሳለህ። ከዚያ «እሺ፣ እፈርማለሁ» ትላለህ።

ልፈርድልህ ሞክሬ ነበር። ደብዳቤውን የጻፈው ከዚህ ስልክ በፊት ይሆናል፣ ያን ጊዜ ከልቡ ነበር ብዬ ከሳጥኑ አውጥቼ አየሁት። «ቀድቼ እንደጨረስኩ ነው ይህን የምጽፍልሽ» ይላል። ስልኩን ዘግተህ፣ ብዕር አንስተህ፣ አልፈርምም ብዬ ወጣሁ አልከኝ። ዓይንህን በጨው ታጥበህ። ሥራህን ባትለቅ አልቀየምህም ነበር፤ ልጆች አሉህ። ልብሽን ጣይው ባትለኝ ምን ነበረበት? ጣልኩት እኮ።

እኔ ያንተን ለመስማት ፋይል አልከፈትኩም። አንተው ነህ በፖስታ የላክልኝ።

አሁን ስለ እማዬ ልንገርህ፣ የሷን ነገር መጠየቅህ አይቀርም። «እሺ፣ እፈርማለሁ» ስትል ከወንበሯ ብድግ አለች። ፊቷ ሲበራ ብታይ! ስንት ወር ያላየሁት ፊት። «ይኸው እሱ!» አለች፤ «ፈረመ፣ አሁን ይነሳል!» ሄዳ መቀርቀሪያውን ከፈተችው። ያነበብክላትን አትሰማውም፤ ጣቷ ቁልፉን ያውቀዋልና ወደ ጭራው አሳልፋ እሱን ብቻ ትሰማዋለች። ሲያልቅ ትመልሰዋለች። እኔ ዕቃ ሳጥብም፣ ልብስ ስተኩስም፣ «እህቴን እኔ አሳምናታለሁ» ስትል እሰማሃለሁ፤ ከዚያ ስትተነፍስ፤ ከዚያ ያችን ስትል። እማዬ ለቅሶዋን ትታለች። ቴፑን እንዳልደብቅባት ያደረገኝ ይኼ ነው።

ተዳፋቱ ላይ ያለው ቤት በየካቲት ቦታ አለኝ ብሏል። አስቀድመህ ስለፈቀድክልኝ አመሰግናለሁ። ሄጄ መጸዳጃውንም አየሁት፤ ሰውየው እውነቱን ነው የጻፈው። ቴፑን ከነካሴቱ ይዛ እንድትገባ ጠይቄያቸው ፈቅደዋል።

እስከዚያ ግን እዚሁ ነን። ማታ በሩን ልቆልፍ ስሄድ ትቆጣኛለች። «ፈርሟል እኮ፤ መንገድ ላይ ነው፤ ደክሞት መጥቶ ውጭ ይቁምልሽ?» ትለኛለች። ልብስ ሰፊዋ ሌባ ይገባባችኋል ብላ ትፈራልናለች። ምን ይወስዳል አልኳት። ሳንቆልፍ ነው የምናድረው።

እህትህ